የካፒቴኑ ማጉያ ዝም አለች

ካፒቴን ቴልስማር ዱጋስ ከወንዝ ሥራው ጡረታ ወጥቶ ለዘለቄታው ቤቱ ሲገባ መንደራችን ሴሌስት እልል ብላ ተቀበለችው። ጊታር የገዛ ጊዜ ግን እልልታው ወደ ኡኡታ ተለወጠ።

ሰውየው ዕድሜውን ሙሉ በሚሲሲፒ ወንዝ ላይ የጭነት ጀልባ ሲነዳ የኖረ ነው። ጉም ቢወርድ፣ ጎርፍ ቢመጣ እጁ አይንቀጠቀጥም ይባልለታል። እውነት ነው፣ አይንቀጠቀጥም። ጊታር ላይ ሲያርፍ ግን ጭራሽ አይንቀሳቀስም። አንዱን ክር ከያዘ እንደ መልህቅ እዚያው ነው። እኛ ሉዊዚያናዎች ደግሞ፣ በተለይ በዚህ በረግረጉ ዳር ያለነው፣ ልጆቻችን ጡት ሲተዉ ቫዮሊን የሚይዙ ነን። ያለ ቅጥ የሚጫወት ሰው ጆሯችን ላይ እንደ እሾህ ይሰካል።

ጊታሩ ብቻውን ቢሆን እንኳ በቻልነው። የጨረሰችን አብሮ የገዛት የድምፅ ማጉያ ናት። የዳቦ ሳጥን ብታክል ነው። እንደ ድሮ ራዲዮ በብርጭቆ አምፑል የምትሠራ፣ ፊቷ ቡናማ ጨርቅ የለበሰ፣ ጀርባዋ ክፍት የሆነ ትንሽ ዕቃ ናት። ድምፅዋ ግን ውሃውን ተሻግሮ ማዶ ይሰማል። ካፒቴኑ ከእራት በፊት በረንዳው ላይ ተቀምጦ ሲጀምር የሠፈሩ ውሾች ተራ በተራ ከየቤቱ ወለል ሥር ይገቡ ነበር።

እኔ ኖሊያ እባላለሁ። ከቤቴ ጀርባ ባለችው የቆርቆሮ ክፍል የሽሪምፕ አጥማጆችን ራዲዮ፣ የሙዚቀኞችን ማጉያ፣ አንዳንዴም የሰው ቶስተር እጠግናለሁ። ሥራውን ከአባቴ ነው የወረስኩት፤ ምላሴን ደግሞ ከእናቴ።

ያን ዓመት የቤተ ክርስቲያናችን ባዛር ሊደርስ ሲል ካፒቴኑ ፀጉር ቤት ተቀምጦ፣ «ዘንድሮ እኔ ጊታሬን ይዤ ወጥቼ ሰዉን ካላስለቀስኩ ቴልስማር አትበሉኝ» ብሎ ፎከረ። ማስለቀሱንስ ማንም አልተጠራጠረም። ክፋቱ ፉከራው አባ ሌዠር ጆሮ ደረሰ። አባ ሌዠር እምቢ ማለት ያልፈጠረባቸው ደግ ቄስ ናቸው። እሑድ ከስብከቱ በኋላ ስሙን ጠርተው፣ «ወንድማችን ካፒቴን ቅዳሜ ይጫወትልናል» ሲሉ ሕዝቡ አንገቱን ደፍቶ አማተበ።

ሰኞ ጠዋት ካፒቴኑ ማጉያዋን እንደ ታመመ ልጅ ታቅፎ ከክፍሌ በር ላይ ቆመ።

«ሞተች» አለኝ።

«ምን ሆና?»

«እኔ ምን አውቄ! ድምፅ የላትም። እንደ ድንጋይ ዝም። ባዛሩ ደግሞ ቅዳሜ ነው።» ማጉያዋን ጠረጴዛዬ ላይ አስቀመጠና ድምፁን ዝቅ አደረገ። «አንቺ ግን አትቸኩይ፣ ኖሊያ። ጥድፊያ ሥራ ያበላሻል። ካልደረሰም አልደረሰም፤ ምን ይደረጋል? የእግዚአብሔር ፈቃድ ነው።»

ጊታሩን ታቅፎ ከሚተኛ ሰው አፍ «አትቸኩይ» መስማት ገረመኝ። ሶኬቱን ሰካሁና ማብሪያውን ጫንኩ። የፊቷ ትንሽ ቀይ መብራት አልበራም።

«ይኸው፣ መብራቷም የለም» አልኩት።

የካፒቴኑ ዓይን ፈጠጠ። «መብራቷም?»

«አዎ።»

«እንዴት ሆኖ? መብራቷ እኮ...» ብሎ አፉን በእጁ ያዘ።

«መብራቷ እኮ ምን?»

«ምንም። መብራቷ እኮ ታምር ነበር ልል ነው» ብሎ ባርኔጣውን አጥልቆ ሹልክ አለ።

ብልሽት ፍለጋ ማለት ከቀላሉ ወደ ከባዱ መሄድ ነው። ሶኬቱ ደህና ነው፤ ራዲዮዬን ሰክቼ አየሁት። ገመዱም ደህና ነው። ቀጥሎ ፊውዙ ነው። ከጀርባዋ ያለችውን ክዳን ፈትቼ ሳወጣው የውስጡ ክር ተቃጥሎ ብርጭቆው ጥቀርሻ መስሏል። እስካሁን ያለው የተለመደ ነገር ነው። ያልተለመደው፣ የፊውዙ ጫፎች ዝገው ነበር። ፊውዙ የሚቀመጥበት ቤት ግን እንደ መስታወት ያበራል። ንጹሕ ቤት ውስጥ የሚዝግ ፊውዝ አይቼ አላውቅም።

እያገላበጥኩት ሳለ የካፒቴኑ ሚስት ኦዚት ትልቅ ድስት ተሸክማ ገባች። ኦዚት አብሮ አደጌ ናት። ድስቱ ውስጥ ጋምቦ ነበር፣ ለበዓል የምንሠራው ወፍራም የሽሪምፕ ወጥ፤ የመረቁ ሽታ ክፍሉን ሞላው።

«በሰኞ ምድር ጋምቦ? ምን ሆነሻል?» አልኳት።

«ለጓደኛዬ ጋምቦ ባመጣ ምን አለበት?» አለችና ተቀመጠች። ዓይኗ ማጉያዋ ላይ ነው። «የምትድን ነች?»

«ገና እያየኋት ነው።»

«እህቴ ኖሊያ፣ ትዳንም፣ ግን ከቅዳሜ በኋላ ትዳን። 'ከባድ ነው፣ ዕቃው ከሩቅ አገር ነው የሚመጣው' በይው። ለኔ ስትዪ። ጆሮዬ አለቀ እኮ! በቀደም ዕለት የዶሮዎቼ እንቁላል እንኳ ቀነሰ።»

ፊውዙን በሁለት ጣቴ ይዤ ፊቷ ላይ አወዛወዝኩት። ፊቷ እንደ ተቀቀለ ሸርጣን ቀላ።

«ይሄ ከየት መጣ?» አልኳት።

«ከአሮጌው ማቀዝቀዣ።»

«ደህናውስ?»

«ሩዝ ጆንያ ውስጥ ነው።» ወዲያው እጄን ለቀም አደረገች። «አትንገሪው! ማርያምን አትንገሪው! ያኮርፈኛል። ሲያኮርፍ ደግሞ ይጫወታል።»

አልነግረውም አልኳት። ድስቱን ትታልኝ ሄደች፤ እኔም አንድ ሳህን በልቼ ወደ ሥራዬ ተመለስኩ።

አዲስ ፊውዝ አስገብቼ ሳበራ ቀዩ መብራት ቦግ አለ። ድምፅ ግን የለም። የጊታር ገመድ ለውጬ ሞከርኩ፤ የለም። በክፍቱ ጀርባዋ አጎንብሼ አምፑሎቹን አየሁ። ሁለቱ እንደ ፍም ቀልተዋል። ትንሿ ግን ጨለማ ናት። ማጉያዋን ነቅዬ ትንሽ ጠበቅኩ፤ እነዚህ ዕቃዎች ከተነቀሉም በኋላ ቂም ይዘው ይቆያሉ፣ እጁን ቶሎ የሰደደን ሰው በኤሌክትሪክ ይነክሳሉ። ከዚያ አምፑሏን መዝዤ ገለበጥኳት።

እግሯ ላይ በመርፌ የተጫረ መስቀል አለ። የኔ ምልክት ነው። ነገሩ እንዲህ ነው፦ የሞተ አምፑል ሳገኝ እንዳይምታታብኝ መስቀል እጭርበታለሁ። ይህችን ደግሞ በደንብ አውቃታለሁ። ባለፈው ክረምት ከክሌሚል አሮጌ ራዲዮ ውስጥ አውጥቼ፣ «ነፍስ ይማር» ብዬ በእጁ የሰጠሁት እሷን ነው።

ክሌሚል የካፒቴኑ የቅርብ ጎረቤት ነው፤ አጥራቸው አንድ ነው። የመንደሩ አንደኛ ቫዮሊን ተጫዋች ስለሆነ ጆሮው ከሁላችንም ይበልጥ ይቆስላል። ልጠራው ስል በገዛ እግሩ መጣ፤ በወረቀት የተጠቀለለ ትኩስ የሩዝ ቋሊማ ይዟል።

«እንዲያው በዚህ በኩል ሳልፍ ነው» አለ። በኔ በር በኩል የሚያልፍ መንገድ የለም፤ ከኔ ቀጥሎ ያለው ረግረግ ነው።

«ሟችህን ረስተሃት ሄደህ ነበር» አልኩና አምፑሏን አቀበልኩት።

ክሌሚል መነጽሩን ከኪሱ አውጥቶ አደረገ፤ መስቀሉን አየ፤ መነጽሩን መልሶ ከተተ። «በድቅድቅ ጨለማ ነው የሠራሁት» አለ፣ ልክ ያ ያስመሰግነው ይመስል። «መነጽር እንኳ ሳልይዝ። በዳበሳ!»

«ክሌሚል፣ አታፍርም?»

«ምን ላድርግ? አንዷን የዋልዝ ዜማ እኮ ነው ቀን በቀን የሚገርፋት! ሦስተኛው ቦታ ላይ ድምፁን መለወጥ አለበት፣ አይለውጥም። እዚያው ችክ ይላል! እኔ አጥር ማዶ ሆኜ 'አሁን ለውጥ፣ አሁን' እያልኩ ጥርሴ አለቀ። ሚስቱ ታሳዝነኛለች እንጂ... ለማንም እንዳትናገሪ፣ በእናትሽ።»

ለማንም አልናገርም አልኩት። ቋሊማው ግሩም ነበር።

ከሰዓት በኋላ ደግሞ አባ ሌዠር መጡ። ስለ አየሩ አወሩ፤ ስለ ጣሪያዬ ጠየቁኝ። በመጨረሻ፣ «ማጉያዋ ታማለች አሉ። ጸልዬላታለሁ» አሉኝ።

«እንድትድን ነው እንዳትድን፣ አባ?»

አባ ሌዠር ጣሪያ ጣሪያውን አዩ። «እንደ ፈቃዱ ይሁን ብዬ ነው የጸለይኩት» አሉና ሳቃቸውን በመሐረብ አፍነው ወጡ።

አዲስ አምፑል ተከልኩ። አሁን ሁሉም ይበራል፤ ይሞቃል። ድምፅ ግን አሁንም የለም። ሌላው ቢቀር ማጉያ ሲበራ ሹክ የሚል፣ እንደ ሰው ትንፋሽ ያለ ነገር አለው፤ ይህችኛዋ እሱም የላት። ያኔ ነው የገባኝ፤ ቶሎ ነቀልኳት። ስፒከሯ ሳይገናኝ ብዙ ከበራች ውስጥ ያለው ትራንስፎርመር ይቃጠላል። ከመጀመሪያውም እሱን ማየት ነበረብኝ፤ ጋምቦው አዘናግቶኝ ነው።

ባትሪ አምጥቼ የስፒከሩን ሁለት ማገናኛ ጆሮዎች ነካ ነካ አደረግኩ። ቧ፣ ቧ አለ፤ ወረቀቱ ወጣ ገባ አለ። ስፒከሩ ደህና ነው። ታዲያ ወደ ስፒከሩ የሚሄደው ገመድስ? ከሳጥኑ ጥግ አገኘሁት። ማንም አልቆረጠውም፤ አልበጠሰውም። ከስፒከሩ ጆሮ በወጉ ተነቅሎ፣ በሥርዓት ተጠቅልሎ፣ መሐሉ ላይ በራሱ ጫፍ ታስሯል። አስተሳሰሩን አየሁ። ድርብ ቀለበት ሆኖ፣ ጫፉ ወደ ውስጥ የገባ፣ ቢጎትቱት የሚጠብቅ የመርከበኛ ቋጠሮ ነው። በመንደራችን የቆሻሻ ከረጢቱን ሳይቀር በዚህ ቋጠሮ የሚያስር ሰው አንድ ብቻ ነው።

ወንበሬ ላይ ተቀመጥኩና እስኪያመኝ ድረስ ሳቅኩ።

ገመዱን በቦታው መልሼ በየድኩት። ጊታሬን ሰክቼ ስነካው ማጉያዋ እንደ ንብ ቀፎ ሞቅ ያለ፣ ጣፋጭ ድምፅ ሰጠች። ጥፋቱ የሷ አልነበረም፤ ምስኪን! ከመዝጋቴ በፊት ግን አንድ ነገር ጨመርኩባት። ከድምፅ መቆጣጠሪያዋ ሥር ትንሽ ብሎን ገጠምኩና ከሦስት ቁጥር አልፋ እንዳትዞር አደረግኳት። ይህን ያዘዘኝ የለም።

ማግስቱን ካፒቴኑ የሐዘን ፊት ለብሶ መጣ። «ተስፋ የላትም፣ አይደል?» አለኝ። እንዲህ በተስፋ ተሞልቶ «ተስፋ የላትም?» ያለ ሰው አላየሁም።

ማጉያዋን አበራሁና ክሩን ገጨት አደረግኩት። ድምፁ ክፍሉን ሲሞላ የካፒቴኑ ትከሻ ወረደ።

«ዳነች» አለ በሙሾ ድምፅ።

«ዳነች። ችግሯ ምን እንደነበር ታውቃለህ?» ቋጠሮውን ስፈታው አስተሳሰሩን ልብ ብዬ ስለነበር በአሮጌ ሽቦ ደግሜ ሠርቼው ነበር፤ እሱን ጠረጴዛው ላይ አኖርኩለት። «ይህን የመሰለ ቋጠሮ የሚያስር አይጥ ገብቶባት ነበር።»

ካፒቴኑ ቋጠሮውን በጣቱ ነካ። ከዚያ ያለ ግብዣ ተቀመጠ።

«ፈርቼ ነው» አለ።

«አንተ? አንተ ፈራህ?»

«ጉም ውስጥ ጀልባ ስነዳ የሚያየኝ የለም እኮ፣ ኖሊያ። ሰው ሁሉ የሚያየኝ ቆሜ...» ጣቶቹን አየ። «ፀጉር ቤት አፌ አመለጠኝ። አባ ሌዠር ስሜን ሲጠሩ መሸሻ አጣሁ። መጥፎ እንደምጫወት አላውቅም መሰለሽ? አውቃለሁ። ውሾቹንም አያቸዋለሁ።»

«ታዲያ ለምንድነው ቀን በቀን የምታስጨንቀን?»

ባርኔጣውን በእጁ አዟዟረ። «ኦዚት ወጥ ስትሠራ ትዘፍን ነበር። ለእረፍት ስመጣ ከበር እሰማታለሁ። ስገባ ታቆማለች። አንድ ሰሞን ነው ብዬ ተውኩት። አሁን ለዘለቄታው ገባሁና ለዘለቄታው አቆመች። ምን እንደምንነጋገር እንኳ አናውቅም፤ 'ጨው አቀብዪኝ፣ ጨው አቀብለኝ' ነው። ጊታር ብይዝ አንድ ቀን ብቅ ብላ ታግዘኝ ይሆናል ብዬ ነው። እስካሁን ብቅ ያለችው መስኮት ልትዘጋ ነው።»

ልቀልድበት ያዘጋጀሁትን ነገር ሁሉ ተውኩት። እንዲያውም ሌላ ተንኮል መጣልኝ።

«ሐሙስ ከሰዓት ጊታርህን ይዘህ እዚህ ና» አልኩት። «ቅዳሜ ትጫወታለህ። ግን ብቻህን አይደለም።»

ማጉያዋን አንስቶ ሲሞክራት፣ «ይቺ ነገር ከሦስት አልፋ አትዞርም» አለ።

«ዕድሜ ነው። አንተስ አንገትህ ድሮ እንደሚዞረው ይዞራል?»

አንገቱን ወዲያ ወዲህ ሞከረና፣ «እውነትሽን ነው» ብሎ ሄደ።

ለኦዚት፣ «ሐሙስ መጥተሽ ካልዘፈንሽ የፊውዙን ነገር እነግረዋለሁ» አልኳት። ለክሌሚል፣ «ሐሙስ ቫዮሊንህን ይዘህ ካልመጣህ የአምፑሏን ነገር እነግረዋለሁ» አልኩት። ሁለቱም ሰደቡኝ። ሁለቱም መጡ።

ያን ሐሙስ ሳስበው እስከ ዛሬ ያስቀኛል። ሦስት ወንጀለኞች በአንዲት ማጉያ ዙሪያ ተቀምጠው፣ እያንዳንዱ ጥፋተኛው እሱ ብቻ እንደሆነ የሚያምን መስሎኝ ነበር። ክሌሚል ማጉያዋን ባየ ቁጥር ያልበዋል። ኦዚት ባሏ ወደ ማጉያዋ ጀርባ ባጎነበሰ ቁጥር ያስላታል። ካፒቴኑ ደግሞ የኔን ዓይን ይሸሻል።

«እንዴት ነው እንዲህ የጠራችው?» አለ ክሌሚል፣ ላቡን እየጠረገ። «አምፑሏ...»

«የምን አምፑል?» አለች ኦዚት።

«አምፑል ትኖራታለች ብዬ ነው! ማንኛዋም ማጉያ አምፑል ይኖራታል!»

«ጀምሩ» አልኩ እኔ፣ ከንፈሬን ነክሼ።

መጀመሪያው አሳፋሪ ነበር። ክሌሚል ይገሰግሳል፣ ካፒቴኑ ይጎተታል። ኦዚት እጆቿን አጣምራ ግድግዳ ግድግዳውን ታያለች። በመጨረሻ ክሌሚል ቫዮሊኑን ጭኑ ላይ አኖረና፣ «አንተ ካፒቴን፣ ዝም ብለህ ክሩን አትቁጠር። እሷን ስማ። ትንፋሽ ስትወስድ ለውጥ» አለው።

ኦዚት እንግዲህ መዝፈን ግድ ሆነባት። ቀስ ብላ፣ ለራሷ እንደምታንጎራጉር ጀመረች፤ ድምፅዋ ትንሽ ተሰንጥቋል፣ ግን ያ የድሮው ድምፅ ነው። ካፒቴኑ መዳፉን ክሩ ላይ ጥሎ መጫወቱን ረሳ። አፉን ከፍቶ ያያታል።

«ምን ታፈጣለህ? ምታ እንጂ!» አለችው።

መታ። ትንፋሽ ወሰደች፤ ለወጠ። ትንሽ ዘግይቶ ነው፣ ግን ለወጠ። ክሌሚል ቀና ብሎ ጣሪያውን አየና ዓይኑን ጠራረገ።

ቅዳሜ ፀሐዩ ጭንቅላት ይበሳል። ባዛሩ ከትልቁ ኦክ ዛፍ ሥር ነበር። የዓሣ መጥበሻው ይንጣጣል፣ ሽማግሌዎች ካርታ ይጫወታሉ። የካፒቴኑ ስም ሲጠራ ሰዉ እርስ በርሱ ተያየ፤ አንዳንዱ ልጆቹን ሰብስቦ ወደ መኪናው ማዝገም ጀመረ። ኦዚትና ክሌሚል ተከትለውት ሲወጡ ግን ወደ መኪናቸው የጀመሩት ቆሙ።

ክሌሚል ዋልዟን አነሣ። ካፒቴኑ መጀመሪያ ላይ ጠፋ፤ እንደ ልማዱ አንዱ ቦታ ላይ ችክ አለ። ኦዚት መዝፈን ስትጀምር ግን አገኛት። ማጉያዋ ከሦስት ቁጥር ሳታልፍ፣ ለስለስ ብላ ከሥር ትከተላለች። የሚያስለቅስ ሙዚቃ ነበር ብዬ አልዋሽም። ግን የሚያስጨፍር ነበር፤ አንድ ባልና ሚስት ተነሡ፣ ከዚያ ሌሎች፣ ከዚያ አቧራው ተነሣ።

ልክ በዚያ ሰዓት አባ ሌዠር ሁለተኛውን የኤሌክትሪክ ዓሣ መጥበሻ ሰኩ።

ጠቅ! አለና መብራቱ ሁሉ ጠፋ። ማይክራፎኑ ሞተ፤ ማጉያዋ ዝም አለች። ከዋልዝ በኋላ የሚመጣ ዝምታ ጆሮ ይበሳል። በዚያ ዝምታ ውስጥ ኦዚት ሁለት እጇን ወደ ሰማይ ዘርግታ ጮኸች፦

«ማርያምን ፊውዙን አልነካሁም! ዛሬ አልነካሁም!»

ክሌሚል ቀጠለ፦ «አምፑሏንም እኔ አልለወጥኳትም! ያን ጊዜ ብቻ ነው!»

ሽማግሌዎቹ ካርታቸውን ጣሉ። ሰዉ ሁሉ ወደ ሁለቱ ዞረ፤ ሁለቱ ደግሞ እርስ በርስ ተያዩ።

«አንተም?» አለች ኦዚት።

«አንቺም?» አለ ክሌሚል።

ካፒቴኑ ከወንበሩ ቀስ ብሎ ተነሣ። ሚስቱን አየ። ጎረቤቱን አየ። በመጨረሻ እኔን በጎን አየኝ። እኔ ዓሣዬን እያኘክሁ ምንም አላልኩም። ዝም ማለቴን ሲያረጋግጥ ደረቱ ተነፋ።

«በገዛ ቤቴ!» አለ ድምፁን አውጥቶ። «በገዛ አጥሬ! እኔ ምስኪኑ ቀን በቀን እየተለማመድኩ፣ እናንተ ከጀርባዬ!»

ባዛሩ በሳቅ ፈነዳ። አባ ሌዠር፣ «ኧረ መጥበሻው ነው! እኔ ነኝ ያጠፋሁት!» እያሉ ሮጠው መብራቱን መለሱ። ማጉያዋ ሹክ ብላ ነቃች።

«እንግዲህ ቅጣታችሁ» አለ ካፒቴኑ፣ ጊታሩን እያነገተ፣ «ከመጀመሪያው እንጀምራለን!»

ከመጀመሪያው ተጀመረ፤ ሰዉም ከመጀመሪያው ጨፈረ።

ከዚያ በኋላ ካፒቴኑ የተበደለ ሰው ኑሮ ኖረ፤ ደግሞ በደንብ ኖረው። ክሌሚል ሣሩን አጨደለት። ኦዚት የሚወደውን የለውዝ ፓይ በላይ በላዩ ጋገረችለት። እሱ በረንዳ ላይ ተዘርግቶ፣ «ልብ ሲሰበር ቶሎ አይድንም» እያለ ይቆርሳል። ለኔ ደግሞ አንድ ባልዲ ሙሉ ሸርጣን ከነነፍሱ አመጣልኝ። «ለጤናሽ» አለኝና በዓይኑ ጠቀሰኝ።

ሸርጣኑን ቀቅዬ ደረጃዬ ላይ ተቀምጬ ስፈለፍል ኦዚት መጥታ አጠገቤ ተቀመጠች። አንዱን አንሥታ ሰበረችና፣ «በዚህ ነው የገዛሽ?» አለች።

«ምኑን?»

«አፍሽን ነዋ። ስለ ገመዱ።»

የያዝኩት ሸርጣን ከእጄ ወደቀ። «አንቺ ታውቂያለሽ?»

«ፊውዙን ላወጣ ጀርባዋን ሳዞር ተጠቅልሎ ታስሮ አየሁት። የባሌን ቋጠሮ አጣዋለሁ? የልብስ ማስጫ ገመዴን ፈትቼ ጨርሼ አላውቅም።» ሥጋውን መዝዛ አፏ ውስጥ ጣለች። «እንደፈራ ያኔ ገባኝ። አንቺ ደግሞ ገመዱን በደቂቃ እንደምታገኚው አውቃለሁ፤ አግኝተሽም እንደምትስቂበት። ሌላ ብልሽት ብጨምርበት እስከ ቅዳሜ ትዘገይ ይሆናል ብዬ ነው።»

«ታዲያ ጆሮዬ፣ ዶሮዎቼ ያልሽኝስ?»

«እሱም እውነት ነው» አለችና ሳቀች። «እንቁላሉ ቀንሷል።»

«ለምን ታዲያ አትነግሪውም? በየቀኑ ፓይ እያስጋገረሽ እኮ ነው!»

«ተዪው ይብላ። ሰኞ እነግረዋለሁ። እስከ ሰኞ ሱሪው አልዘጋ ስለሚለው መሸሻም አይኖረው።»

በዚህ መሃል ከነሱ በረንዳ ጊታሩ ጀመረ፤ ያችው ዋልዝ ናት። እኛም ሸርጣናችንን ይዘን ጆሯችንን አቆምን። አንዱን አለፈ፣ ሁለተኛውን አለፈ፣ ሦስተኛው ላይ ሲደርስ ችክ አለ። ኦዚት ጣቶቿን በቀሚሷ ጠርጋ ብድግ አለችና በጓሮው ላይ ድምፅዋን ለቀቀችው፦

«ለውጥ! ለውጥ እንጂ አንተ ሰውዬ!»

ጊታሩ ለወጠ። እሷም የሸርጣኑን ቅርፊት ደረጃዬ ላይ ትታልኝ፣ እያንጎራጎረች ወደ ቤቷ አቀናች።